ፋብሪካ የተወውን መጫወቻ ፍሬ በፍሬ ስለ ማሟላት



በቦረና ደጋ፥ በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፥ የልጆች መጫወቻ ከጥንት ጀምሮ ከገዛ እጃቸው የሚወጣ ነው። እረኛው ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ በሬ ይሠራል፤ ቀንድና ሻኛ ያወጣለታል፤ ከስንጥርም ቀንበር አበጅቶ ጥንዱን ጠምዶ ያርስበታል። የከተማው ልጅ ከወዳደቀ ሽቦና ከቆርኪ መኪና ያበጃል፤ ልጃገረዲቱም ጨርቅ ጠቅልላ አሻንጉሊት ታደርጋለች። ከእነዚህ አንዱ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ልጁ ለጥቂት ጊዜ ያለቅስ ይሆናል እንጂ ነገሩ ከዚያ አያልፍም። ጭቃው ከወንዙ፥ ሽቦው ከመንደሩ አይታጣምና በማግሥቱ ሌላ ይሠራል።

ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣው መጫወቻ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አንድ ፍሬ ከጐደለው የጐደለው ፍሬ ከመንደር አይገኝም፤ ፋብሪካውም ያንን ዓይነት መሥራት ትቶ ከሆነ ከገበያም አይገኝም። ስለዚህ በብዙ ቤት እንዲህ ያለው ዕቃ ጥቂት ስለ ጐደለው ብቻ ሙሉው ከሣጥን ተከቶ ይረሳል፤ ወይም ለማገዶ ማቀጣጠያ እንኳ የማይረባ ነው ተብሎ ይጣላል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈው እንዲህ ያለውን የተተወ መጫወቻ፥ በተለይም ሌጎ የሚባለውን የፕላስቲክ ጡብ፥ ከየአገሩ ፍሬ በፍሬ አሰባስቦ እንደ ቀድሞው ስለ ማቆም ነው። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ለወላጆችም ለልጆችም የሚበጅ ብዙ ትምህርት ያለበት ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድመን ስለ ዕቃው ታሪክ ጥቂት እንናገር። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን። ሌጎ የተገኘው በዴንማርክ አገር ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጢ በ1932 ዓ.ም. የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለሥራው ስም አወጣለት። ስሙ በዴንማርክ ቋንቋ «ደኅና ተጫወት» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተውጣጣ ነው። በ1949 ዓ.ም. ድርጅቱ የፕላስቲክ ጡብ ማውጣት ጀመረ፤ በዚህም በእንግሊዝ አገር ሂላሪ ፔጅ የተባለው ሰው አስቀድሞ የሠራውን ጡብ አብነት አድርጎ ነበር። የመጀመሪያው ጡብ ሆዱ ባዶ ስለ ነበረ ሲደራረብ አጥብቆ አይያያዝም ነበር። ኋላ ግን የአናጢው ልጅ ጎትፍሬድ ከጡቡ ሆድ ውስጥ ክብ ቱቦ የሚገባበትን አሠራር አወጣ፤ በጥር ወር 1958 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱ እንዲጠበቅለት አመለከተ። ከዚያ ወዲህ ከላይ ያለው ጉጥ ከበላዩ በሚቀመጠው ጡብ ቱቦና ግድግዳ መካከል ተጨቍኖ ይይዛል፤ ልጅ ሲስበው ይለቃል፥ ሳይስበው ግን አይለቅም። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ፕላስቲክ ቀርቶ ኤቢኤስ በሚባል ይበልጥ ጠንካራ በሆነ ፕላስቲክ ተተካ።

የዚህ ሥራ ዋና ምስጢር ልክ ነው። ከአንዱ ጉጥ መካከል እስከ ሁለተኛው ጉጥ መካከል ያለው ርቀት 8 ሚሊሜትር፥ የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊሜትር፥ የስሱ ጠፍጣፋ ቁመት 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ሦስት ጠፍጣፋ ቢደራረቡ ከአንድ ጡብ ጋር ይተካከላሉ። ይህ ልክ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ በመቈየቱ በ1958 ዓ.ም. የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። ስምንት ጉጥ ያላቸው፥ መልካቸውም አንድ የሆነ ስድስት ጡቦች በ915,103,765 ልዩ ልዩ መንገድ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ የሒሳብ ሰዎች ቈጥረው ደርሰውበታል።

እንግዲህ ፋብሪካው አንዱን ሙሉ ዕቃ ለጥቂት ዓመታት ሠርቶ ይተወዋል፤ በቦታውም ሌላ ያወጣል። ለምሳሌ ያህል ስታር ዎርስ ከተባለው ሲኒማ የተወሰደውን ሚሌኒየም ፋልከን የተባለ መርከብ በ2007 ዓ.ም. ከ5,000 በላይ በሆኑ ፍሬዎች አውጥቶት ነበር። መሥራቱን ከተወ በኋላ የተረፈው ዋጋ እጅግ ስለ ናረ፥ ብዙ ሰዎች ሙሉውን መግዛት ትተው ፍሬውን አንድ በአንድ እየለቀሙ መሥራት ጀመሩ። በ2017 ዓ.ም. ፋብሪካው ራሱ ያንኑ መርከብ 7,541 ፍሬ አድርጎ እንደ ገና አወጣው። ከዚህም የምንማረው የተተወው ሁሉ ጨርሶ አይመለስም ማለት እንዳይደለ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ሙሉው ዕቃ ቢቀርም ፍሬዎቹ አልቀሩም። ይህን ከፊደል ጋር ብናነጻጽረው ነገሩ ግልጥ ይሆናል። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ የተጻፈባቸው ፊደላት አይጠፉም፤ በሌላ ሺሕ መጽሐፍ ውስጥ ይኖራሉ። እንዲሁ የአንዱ ግንብ ጡብ በሌላ ቤት፥ በሌላ መኪና፥ በሌላ መርከብ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ሥራ እናውቀዋለን። አንድ ጥራዝ የወደቀበት መጽሐፍ አይቃጠልም፤ ጸሐፊው ወደ ሌላ ደብር ሄዶ ያንኑ መጽሐፍ ያስፈቅድና የጐደለውን ብቻ ቀድቶ በስፍራው ይሰፋዋል።

የሥራው መጀመሪያ ዝርዝር ነው። የአሠራሩ ደብተር የጠፋ እንደ ሆነ፥ ኩባንያው የብዙዎቹን ዕቃዎች ደብተር ያለ ዋጋ በኢንተርኔት አውጥቶታልና ከዚያ ይገኛል። ከሣጥኑ ላይ ያለው ቍጥር የሙሉውን ዕቃ ስም ይነግራል፤ ከጡቡ ሆድ ውስጥ በደቃቁ የተቀረጸው ቍጥር ደግሞ የፍሬውን ዓይነት ይነግራል። ስምንት ጉጥ ያለው ጡብ ለምሳሌ 3001 ይባላል። ስለዚህ ያለውን ሁሉ በዓይነትና በመልክ ለይቶ መቍጠር፥ ከደብተሩም ጋር ማመሳከር፥ የጐደለውን በቍጥሩ፥ በመልኩና በብዛቱ መጻፍ ይገባል። «ጥቂት ጐድሎናል» ብሎ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም፤ «ይህ ቍጥር፥ በዚህ መልክ፥ አራት ፍሬ» ብሎ የሚፈልግ ግን ያገኛል።

ይህ ነገር ከመጫወቻ በላቀ ጕዳይም በአገራችን የታየ ነው። ከቦረና ሳይርቅ በዚያው በደቡብ ወሎ ባለችው በመቅደላ በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስ ያከማቹትን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ዘርፎ በተናቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር በጻፉ ጊዜ ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል በየስማቸው ጠርተው ጠየቁ። መጽሐፉ ተገኝቶ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን ሳይመለስ ቀረ። በስሙ የተጠራ ዕቃ ሁሉ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ በስሙ ያልተጠራውን ግን መልስ የሚባል ሰው እንኳ አይኖርም።

ከዝርዝሩ ቀጥሎ መልክን ማወቅ ነው። በ2004 ዓ.ም. ኩባንያው ግራጫውንና ቡናማውን መልክ ለወጠ፤ አዲሱ ግራጫ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ለብቻው ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም፤ በአንድ ግድግዳ ላይ ሲሰለፍ ግን እንደ ጥፍ ልብስ ይለያል። ስለዚህ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ዕቃ የሚያሟላ ሰው አሮጌውን ግራጫ ለይቶ መጠየቅ አለበት። ነጩና ግራጫው ጡብ በፀሐይና በዘመን ብዛት ቢጫ እንደሚሆንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ገበያውን ማወቅ ነው። ኩባንያው ራሱ ዛሬ የሚሠራቸውን ፍሬዎች በተናጠል ይሸጣል። የተተዉትን ግን ብሪክሊንክ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ መፈለግ ይገባል። ይህን ገበያ በ2000 ዓ.ም. ዳን ጄዜክ የተባለ ሰው አቋቋመው፤ በ2019 ዓ.ም. የሌጎ ኩባንያ ራሱ ገዛው። በዚያ በየአገሩ ያሉ ብዙ ነጋዴዎች ያላቸውን ፍሬ በቍጥርና በመልክ ዘርዝረው ያስቀምጣሉ። ጀማሪ ሰው የሚሳሳተው ለእያንዳንዱ ፍሬ ርካሹን ነጋዴ በመፈለግ ነው። የአንዱ ጡብ ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ቢሆን የመላኪያው ዋጋ ግን ከጡቡ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ዋጋው በመጠኑ ቢጨምርም ብዙውን ፍሬ ከአንድ ወይም ከሁለት ነጋዴ መግዛት ይሻላል። በእኛ አገር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ጕዳይ ስላለ ብዙ ሰው በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ በኩል አስገዝቶ በሚመጣ ሰው እጅ ማስላኩን ይመርጣል።

አራተኛው እውነተኛውን ከሌላው መለየት ነው። የሌጎ ጡብ በጉጡ ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ስሙ ተቀርጾበታል። ሌሎች ፋብሪካዎችም የሚገጥም ጡብ ይሠራሉ፤ ይህም በሕግ የተፈቀደ ነው። በፍርድ ቤት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንደ መሆናችን ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት እንወዳለን። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ዓ.ም.፥ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2010 ዓ.ም. በየፊናቸው በቀረበላቸው ነገር፥ የፈጠራ መብት ዘመኑ ካለፈ በኋላ ለሥራ የሚያገለግለው የጡቡ ቅርጽ እንደ ንግድ ምልክት ተቈጥሮ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ለዘላለም ሊጠበቅለት አይገባም ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ሌላው ጡብ በገዛ ስሙ ቢሸጥ ነውር የለበትም፤ የሌላውን ስም ለብሶ ቢሸጥ ግን ማታለል ነው። ገዢ የገዛውን ዓይነት ዐውቆ ይግዛ፤ ልጁንም አያታልለው።

አሁን ይህ ሁሉ በሥራ ላይ ሲውል ያየንበትን አንድ ቤት እናነሣለን። በመካነ ሰላም በጎረቤታችን ያለ የ11 ዓመት ልጅ የግንብ ቅርጽ ያለው መጫወቻ ነበረው። ዕቃው ከ2004 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ሲሆን አባቱ በውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ይዞት የመጣ ነው። አባትየው ካረፈ አራተኛ ዓመቱ ነው። ቤተ ሰቡ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ሲዛወር ጓዝ የተጫነበት ከረጢት በመንገድ ተቀደደና ከግንቡ ፍሬዎች 37 ጐደሉ። እናቱ፥ ባየችው ቍጥር ኀዘኗ ስለሚታደስባት፥ ይቅር ብላ ነበር። አያቱ ግን ቀድሞ በመንግሥት ሥራ ያገለገሉ፥ መዝገብ የሚወዱ ሰው ስለ ሆኑ ከልጁ ጋር ተቀምጠው ሲቈጥሩ ሰነበቱ። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ የሚማር አንድ ወጣት በኢንተርኔት ፈለገላቸው፤ በጀርመን አገር የምትኖር አክስቱ ከሁለት ነጋዴ ገዝታ በመንገደኛ እጅ ላከችላቸው።

ዕቃው በአዲስ አበባና በደሴ አልፎ ሲደርስ ግን ያልታሰበ ነገር ተነሣ። ልጁ አዲስ የመጡትን ከቀድሞዎቹ ጋር ለመቀላቀል እንቢ አለ። «አባባ፥ እነዚህ የአባቴ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ ከተቀላቀሉ የትኞቹ እርሱ የነካቸው እንደ ሆኑ በምን አውቃለሁ?» አላቸው። አያቱ የሚመልሱት አጡ፤ እኛንም አስጠርተው ምክር ጠየቁን።

በእውነቱ የልጁ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ቀለሙም፥ ቅርጹም፥ ቍጥሩም አንድ ከሆነ ዓይን አይለየውም፤ ዓይን የማይለየውን የሚጠብቀው መዝገብ ብቻ ነው። የውርስ ዕቃ ከሌላ ዕቃ ጋር እንዳይደባለቅ በፍርድ ቤት የሚደረገውን አስረዳነውና አንድ ደብተር ሰጠነው። ቀጥሎም አንድ ነገር አሳየነው። በግንቡ ውስጥ ዓይነታቸው አንድ የሆኑ ጡቦች በብዙ ስፍራ ይገባሉ፤ አንዱ በአንዱ ስፍራ ቢገባ ግንቡ አይለወጥም። እንግዲያስ የአባቱ ጡቦች የት ይቀመጡ የሚለውን የሚወስነው ደብተሩ ሳይሆን እርሱ ነው።

ልጁ ሁለት ቀን አሰበበት። ከዚያም የአባቱን ጡቦች በበሩና በፊት ለፊቱ ግንብ አደረጋቸው፤ የመጡትን በኋለኛው ግድግዳና በውስጥ አስገባቸው፤ እያንዳንዱንም በየትኛው ተራ እንዳለ በደብተሩ ጻፈ። ከ37ቱ 33ቱ በአሮጌው ግራጫ ተገኝተው ነበር። ሦስቱ በዚያ መልክ በሚቻል ዋጋ ስላልተገኙ በአዲሱ ግራጫ ተተክተው ከማይታይበት ከወለሉ በታች ገቡ። አንዱ ግን፥ ሥዕል የታተመበት የወታደር ጋሻ፥ ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ድምር በመብለጡ አያቱ አይገዛም አሉ። ልጁ በሌላ ጋሻ ይተካልህ ቢባል አልፈለገም፤ በደብተሩም «ጋሻ፥ 1፥ አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። እናቱ ግንቡን ከሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ስታኖረው ያንን ጋሻ የሌለውን ወታደር ከበሩ ፊት አቆመችው።

ከዚህ ቤትና ከሌሎችም ካየነው ተነሥተን ለወላጆች ጥቂት ምክር እንሰጣለን።

መጀመሪያ፥ የገንዘቡን ልክ ከፍለጋው በፊት መወሰን ይገባል። ሰብሳቢ ሰው «አንድ ብቻ ቀረኝ» እያለ ለመጨረሻዋ ፍሬ ለሌሎቹ ሁሉ ካወጣው የበለጠ ሊያወጣ ይችላል። ውድ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል የታተመባቸውና በአንድ ዕቃ ውስጥ ብቻ የነበሩት ናቸው፤ ተራው ጡብ ግን ርካሽ ነው። በቤተ ሰቡ ጉሮሮ የሚገባ መጫወቻ የለም።

ሁለተኛ፥ ከውስጥ ለሚቀበርና ለማይታይ ስፍራ በእጅ የተገኘውን ማንኛውንም መልክ ማግባት ይቻላል። ለዓይን የሚታየውን ብቻ በመልኩ መፈለግ ከወጪው ብዙ ያቀልላል።

ሦስተኛ፥ አሮጌ ጡብ ሲገዛ በእጅ ይታጠብ። ውሃው ለብ ያለ፥ ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ ይሁን፤ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ከታጠበም በኋላ ከጥላ ይደርቅ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባለበት ቤት ትናንሾቹ ፍሬዎች ወደ አፍ ገብተው ያንቃሉና በሚከደን ዕቃ ይቀመጡ።

አራተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ወላጅ የልጁን ሥራ አይሥራበት። ብዙ አባት ልጁን ይረዳ ብሎ ተቀምጦ ሥራውን ሁሉ ይቀማዋል፤ ልጁም ቆሞ ያያል። ቈጠራው የልጁ ይሁን፤ መዝገቡ በልጁ እጅ ይጻፍ፤ የጐደለው እስኪመጣ የሚያልፈውን ወር የሚጠብቀውም እርሱ ይሁን። ወላጅ ገንዘቡን ይጠብቅ፥ ሲጠየቅም ይመልስ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንደሚባለው፥ ቸኵሎ የሚገጥም ልጅ መልሶ ያፈርሳል፤ ሲያፈርስም የሚማረው ትዕግሥት ከተቈጣው አባቱ አፍ ከሚሰማው ይበልጥበታል።

በየቤታችን ሣጥን ሥር እንዲህ ያለ ጐደሎ ዕቃ አይጠፋም። ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ ይቈጠር። ተቈጥሮ የጐደለው ብዙ ሆኖ ከተገኘ፥ ያለው ለሌላው ጐደሎ መሙያ ይሆናልና ለሚፈልግ ይሰጥ። ጥቂት ሆኖ ከተገኘ ግን ወረቀትና እርሳስ ለልጁ ሰጥቶ «የጐደለውን ጻፍ» ማለት ነው። የሚቀጥለው ሥራ ከዚያች ወረቀት ይጀምራል።